«ልጁ 94 ይወረውራል»፦ የቤዝቦል ቁጥሮች እንዴት ያብጣሉ?

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ለአንድ ሰዓት ብትቆሙ ቁጥር ትጠግባላችሁ። «የእኛ ልጅ 94 ይወረውራል።» «60ውን በ6.5 ይሮጣል።» «ፖፕ ታይሙ 1.8 ነው።» የሚወራላቸው ልጆች ገና 16 እና 17 ዓመታቸው ነው። ከቁጥሮቹ ጥቂቶቹ እውነት ናቸው። ብዙዎቹ ግን አብጠዋል። አንዳንዱ ሰው አውቆ ይጨምራል፤ አብዛኛው ግን የነገሩትን ነው የሚደግመው። ችግሩ ያለው ከሥሩ፣ ቁጥሩ ከተለካበት መንገድ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሌላም የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ነው። እኛ ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤታቸው ያለውን ይጫወታሉ። አንድ ቀን ልጁ መጥቶ «አሰልጣኙ ሾውኬዝ ሂድ አለኝ፣ ክፈሉልኝ፣ ቁጥሬ ከፍ ካለ ስኮላርሺፕ አገኛለሁ» ይላል። ሾውኬዝ ልጆች ከፍለው በአሰልጣኞችና በመልማዮች ፊት ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ዝግጅት ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ወላጅ ዝም ብሎ ይከፍላል። ወይም ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደረ ያስጨንቀዋል። ሁለቱም ያሳዝነኛል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ፒቸር የሚባለው ልጅ ኳሷን ወደ መቺው ይወረውራል። ከቆመባት ጉብታ እስከ ሆም ፕሌት፣ መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት ሰሌዳ፣ ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው። «90 ይወረውራል» ከተባለ ኳሷ በሰዓት 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች ማለት ነው። መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። «60ው» ደግሞ የ60 ያርድ ሩጫ ነው፤ ወደ 55 ሜትር ይሆናል። የቤዝቦል መልማዮች ፍጥነት የሚለኩበት ዋናው ርቀት ይኸው ነው። ፖፕ ታይም የካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚይዘው ልጅ ነው፤ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ከገባችበት ቅጽበት ጀምሮ ወርውሯት ሁለተኛው ቤዝ (ሯጮች በተራ ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች አንዱ) ላይ ያለው ጓደኛው እስኪይዛት የሚቆጠር ሰዓት ነው።

ሩጫውን እናስቀድም፤ ማሳበጥ በጣም የሚቀለው እሱ ላይ ነውና። ሰዓት ያዡ ስቶፕዎች ይዞ መጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል። ሽጉጥ የለም፤ ልጁ ሲመቸው ይነሳል። ሰዓት ያዡ የልጁን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ከ55 ሜትር ርቀት አይቶ ነው አውራ ጣቱን የሚጫነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። መጨረሻው ላይ ግን ልጁ እየሮጠ ሲመጣ እያየው ስለሆነ አይዘገይም። መስመሩን ሲረግጥ፣ አንዳንዴም ትንሽ ቀደም ብሎ ይጫናል። መነሻው ላይ የጠፋችው 0.2 ሰከንድ የትም አትመለስም፤ ልጁ በነጻ አገኛት። አትሌቲክስ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጋር እንዲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ልጅ ውሰዱ። በኤሌክትሮኒክ ቢለካ 6.95 የሚሮጥ ነው። በስቶፕዎች 6.72 ሆነ። ወረቀቱ ላይ 6.7 ተብሎ ተጻፈ። አባት ለዘመድ ሲያወራ «6.6 ምናምን» አለ። ልጁ ኢንስታግራም ላይ 6.5 ብሎ ለጠፈ። በየደረጃው የተጨመረችው ትንሽ ናት። ሲደመር ግን ወደ ግማሽ ሰከንድ ተጠጋ፤ በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ልጅ አራት ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለመልማይ 6.9 አካባቢ የተለመደ ሩጫ ነው። 6.5 ደግሞ ስልክ የሚያስደውል ፍጥነት ነው። ልጁ ሳይፈጥን ሌላ ልጅ ሆነ።

ሜዳው ራሱም ያግዛል። ርቀቱን በሜትር ሳይሆን በእርምጃ የሚለኩ አሉ። 60 ያርድ የተባለው 59 ከሆነ 0.1 ሰከንድ ቀነሰ። ንፋስ ከኋላ ከገፋ፣ ሜዳው ትንሽ ቁልቁል ከሆነ፣ ልጁ ከመስመሩ ኋላ ተንደርድሮ ከተነሳ ደግሞ ሌላም ይቀንሳል። ሦስት ጊዜ ሮጦ ሁለቱን ጥሎ አንዱን ብቻ ማውራትም አለ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገራችሁ የምትፈትሹበት ቀላል መንገድ ዩሴን ቦልት ነው። ቦልት በርሊን ላይ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 100 ሜትርን በ9.58 ሲሮጥ 60 ሜትር ላይ የደረሰው በ6.3 ሰከንድ ገደማ ነበር። ከዚያ ተነስተን ስናሰላ 60 ያርድ ላይ ያለፈው በ5.9 ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህ የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረበት ሩጫ ነው፤ የትራክ ጫማና የመነሻ ብሎክ አለው። እንግዲህ የ17 ዓመት ልጅ ሣር ላይ፣ በቤዝቦል ጫማ «6.1 ሮጠ» ከተባለ ከቦልት የሚለየው 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ልጁ እውነት እንዲህ ከሆነ ቤዝቦሉን ትቶ ኦሊምፒክ ይሂድ።

ይህ በሽታ የዛሬ አይደለም። ሚኪ ማንትል በ1949 ከሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት እንደወጣ ነው ለኒው ዮርክ ያንኪስ የፈረመው። የኦክላሆማ ልጅ ነው። በኋላ ከታላላቆቹ ተርታ ገባ፤ ፈጣንም ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ከሆም ፕሌት እስከ አንደኛው ቤዝ በ3.1 ሰከንድ ይሮጥ ነበር የሚል ቁጥር እስከ ዛሬ ይደገማል። ርቀቱ 27.43 ሜትር ነው። ቦልት በርሊን ላይ ይህን ርቀት የጨረሰው በ3.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ከሽጉጡ በኋላ እስኪነቃነቅ የባከነችውን ቀንሱለት፤ 3.4 ይሆናል። ማንትል ዱላ ወዝውዞ፣ ኳስ መትቶ፣ አፈር ላይ ሮጦ ቦልትን በ0.3 ሰከንድ ይቀድማል? ግራኝ መቺ ኳሷን በቀስታ ሲነካት አስቀድሞ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር ትንሽ ይጠቅመዋል። 0.3 ሰከንድ ግን ትንሽ አይደለም። ለማነጻጸር፣ ዛሬ መልማዮች የግራኝ መቺ አማካይ የሚሉት 4.2 አካባቢ ነው።

ደግሞ እውነተኛ ቁጥር ይዞ የመጣም ነበር። ኸርብ ዋሽንግተን የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር። በ1972 60 ያርድን በ5.8 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። በ1974 ኦክላንድ አትሌቲክስ የተባለው ክለብ ለመሮጥ ብቻ ቀጠረው። ዱላ አይዝም፣ ኳስ አይዝም፤ ሌላ ተጫዋች ቤዝ ላይ ሲደርስ ተቀይሮ ይገባል፣ ይሮጣል፣ ቤዝ ይሰርቃል፤ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ይሮጣል። በሁለት የውድድር ዘመን 105 ጨዋታ ተሰለፈ። 48 ጊዜ ሊሰርቅ ሞክሮ 31 ጊዜ ተሳካለት። በዓለማችን ፈጣን ከተባሉት አንዱ ሆኖ ከሦስቱ አንዱን ያህል ተያዘ። በ1974ቱ የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛ ጨዋታ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ክለቡ በአንድ ነጥብ እየተመራ ሳለ ገባ። የሎስ አንጀለሱ ፒቸር ማይክ ማርሻል ድንገት ዞሮ ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወረ፤ ዋሽንግተን ወደ ቤዙ ሳይመለስ ተያዘ። ቀጥ ያለ መስመር ላይ መፍጠንና ፒቸር አይቶ መቼ እንደሚነሱ ማወቅ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ስቶፕዎች የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ወደ ውርወራው እንምጣ። እዚህ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ማሽን አለበትና። ሰው ደግሞ ማሽን ያለውን ያምናል።

የራዳር መሣሪያ ወደ ቤዝቦል የገባው በዚያው በ1974 ነው። የሚሺጋን ስቴት አሰልጣኝ የነበረው ዳኒ ሊትዋይለር የዩኒቨርሲቲው ፖሊሶች በራዳር የመኪና ፍጥነት እንደሚለኩ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ አየ። ፖሊሶቹን ለምኖ የልጆቹን ውርወራ አስለካ። ከዚያ ጀግስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተነጋግሮ ለቤዝቦል የሚሆን መሣሪያ እንዲሠራ አደረገ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ራዳር የሌለው መልማይ ጠፋ።

ግን ኳሷን የት ላይ ነው የሚለካት? ኳስ ከእጅ ከወጣች በኋላ አየር ይይዛታል፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። በ95 ማይል የወጣች ኳስ መቺው ጋ ስትደርስ 87 አካባቢ ናት። ስለዚህ እጅ ላይ የሚለካ መሣሪያና መቺው አጠገብ የሚለካ መሣሪያ ለዚያችው ኳስ ስምንት ማይል የሚለያይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዛሬ የሚለካው ከእጅ እንደወጣች ነው። የድሮዎቹ ግን በአብዛኛው መጨረሻዋ አካባቢ ነበር። አባት «እኔ በጊዜዬ 85 እወረውር ነበር፣ ልጄ 90 ይወረውራል» ሲል ምናልባት እኩል ናቸው።

ኖላን ራያን በ1974 አናሃይም ላይ 100.9 ማይል ተለክቶበታል። መሣሪያው ኳሷን ያገኛት ግን መቺው ጋ ልትደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ነው። በዛሬው አለካክ ቢሆን ቁጥሩ ከዚያ በጣም ከፍ ይል ነበር። አሮልዲስ ቻፕማን በ2010 የወረወራት 105.1 ማይል ደግሞ በካሜራ፣ እጁ አካባቢ የተለካች ናት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ይበልጣል» ማለት አይቻልም።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አንዱን ታሪክ በእግር ታልፉበታላችሁ። ከዩ ስትሪት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የአበሻ ምግብ ቤቶቹ ጥግ ማለት ነው። በ1946 ቦብ ፌለር እዚያ ሜዳ ላይ የጦር ሠራዊት የጥይት ፍጥነት በሚለካበት መሣሪያ ውስጥ ኳስ አሳልፎ 98.6 ማይል ወጣለት። ፌለር ከአይዋ ገጠር የመጣ ነው። በ1936 በ17 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ፣ በትልቁ ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ከፍተኛው የባለሙያዎች ሊግ፣ ተጫውቷል። የመጀመሪያ ቋሚ ጨዋታው ላይ 15 መቺዎችን ኳሷን መምታት አቅቷቸው አስወጣ። ከዚያ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ። በልጅነቱ የፌለርን ችሎታ ያሳየው ራዳር አይደለም፤ ያኔ ራዳር የሚባል ነገር ሜዳ ላይ አልነበረም። ያሳየው ያስወጣቸው 15 ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም ታሪክ የኔን ልብ የሚነካው የስቲቭ ዳልኮውስኪ ነው። ኮነቲከት ውስጥ ኒው ብሪተን የምትባል ከተማ ልጅ ነው። በ1957 ከሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት እንደወጣ የባልቲሞር ኦሪዮልስ አስፈረመው። አብረውት የተጫወቱ ሁሉ ከሱ የፈጠነ ውርወራ አላየንም ይላሉ። 110 ማይል የሚሉ አሉ፤ ከዚያም በላይ የሚጠሩ አሉ። በ1958 ክለቡ ሜሪላንድ ውስጥ አበርዲን ወደሚገኘው የጦር መሣሪያ መፈተሻ ወስዶ አስለካው። 93.5 ማይል ወጣ። ነገር ግን ከአንድ ቀን በፊት ጨዋታ ላይ ወርውሮ ደክሟል፤ የቆመው ጉብታ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነበር፤ ኳሷን መሣሪያው በሚያያት ጠባብ ቦታ ለማሳለፍም ብዙ ጊዜ ደጋግሟል። ስለዚህ 93.5 እውነተኛ ፍጥነቱ አይደለም። 110ም አይደለም። በ1960 በአንድ የውድድር ዘመን 262 መቺዎችን አስወጣ፤ በዚያው ዘመን ኳሷን ከዒላማ ውጭ እየወረወረ 262 ሰዎችን በነጻ ወደ ቤዝ ላከ። በ1963 ሊያድግ ተቃርቦ ሳለ ክርኑ ተጎዳ። ትልቁ ሊግ ላይ አንድም ቀን ሳይጫወት በ2020 አረፈ። ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው ማይሉን ነው።

በዛሬዎቹ ልጆች ላይ በጣም የተለመደው ማሳበጫ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ከፍተኛውን እንደ አማካይ ማውራት ነው። ልጁ 60 ኳስ ይወረውራል። አብዛኞቹ 86፣ 87 ናቸው። አንዷ 91 ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ «91 ይወረውራል» ይባላል። መልማዮች ሁለቱን ለይተው ነው የሚጽፉት፤ የት ላይ እንደሚቀመጥና የት ድረስ እንደሚነካ። ወላጅ የሚሰማው የሚነካውን ብቻ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ደግሞ ልጁ ተንደርድሮ መጥቶ ወደ መረብ ይወረውራል። በሩጫ የታገዘ ውርወራ ብዙ ማይል ይጨምራል። ጉብታ ላይ ቆሞ፣ መቺ ፊት፣ ዒላማ ጠብቆ ከሚወረወረው ጋር አይገናኝም። መሣሪያዎቹም እርስ በርስ ይለያያሉ፤ በየጊዜው ካልተፈተሹም ይስታሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ራዳሩ ወደ ጎን ሆኖ ከለካ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «ከጎን ስለለኩት ነው የበዛው» የሚል ክርክር አይሠራም።

የካቸሮቹም ያው ነው። በትልቁ ሊግ የፖፕ ታይም አማካይ 2.0 ሰከንድ አካባቢ ነው። በ2019 አንደኛ የነበረው ጄ.ቲ. ሪያልሙቶ በአማካይ 1.88 ነበር። የ16 ዓመት ልጅ 1.8 ከተባለ ወይ ስቶፕዎቹ ዘግይቶ ተነስቷል፣ ወይ ተቀባዩ ከቤዙ ወደ ፊት ወጥቶ ነው የያዘለት። ርቀት ወርዋሪዎችንም እንዲሁ ፈትሹ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ የራቀው ውርወራ ግሌን ጎርቡስ በ1957 ኦማሃ ላይ የወረወራት 135.89 ሜትር ናት።

ለምን ይህ ሁሉ? ቦታው ጠባብ ስለሆነ ነው። እስከ 2025 ድረስ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ አንድ የቤዝቦል ቡድን በሙሉ የሚፈቀድለት 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። እሱን ለ20 እና ለ30 ልጅ ይከፋፍሉታል። ሙሉ የሚያገኝ ጥቂት ነው። አሁን ሕጉ ተቀይሯል፤ አዲሱን አሠራር የተቀበሉ ት/ቤቶች ላይ ገደቡ ወደ 34 ተጫዋች ዞሯል። መቀመጫው ግን ያው ጠባብ ነው። የባለሙያ ክለቦች ምርጫም በ2021 ወደ 20 ዙር ወርዷል፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት 40 ዙር ነበር። አሰልጣኝ በሺህ የሚቆጠር ልጅ ማየት ስለማይችል በቁጥር ያጣራል። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ሾውኬዝ አዘጋጁም ትልቅ ቁጥር ሲወጣ ደንበኛ ስለሚያመጣለት ለማሳነስ አይቸኩልም። ይህን የምለው ሁሉም አጭበርባሪ ነው ለማለት አይደለም። ከቁጥሩ መጨመር የሚጎዳ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ የለም፤ ከልጁ በቀር።

ልጁ የሚጎዳው ክርኑ ላይ ነው። በክርን ውስጠኛ በኩል ያለች ጅማት በእያንዳንዱ ውርወራ ትወጠራለች። ከተበጠሰች በቀዶ ጥገና በሌላ ጅማት ትተካለች። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ይህን ቀዶ ጥገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በ1974 በፒቸሩ ቶሚ ጆን ክንድ ላይ ነው፤ ስሙም በሱ ቀረ። ለመዳን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ተኩል ይወስዳል። በ2008 በትልቁ ሊግ የፈጣን ኳስ አማካይ 91.3 ማይል ነበር። በ2024 94.2 ደርሷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሊጉ ራሱ ባወጣው ጥናት ለጉዳቱ መብዛት ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ የውርወራን ማይል ለመጨመር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። ልጆቹም ወደዚያ ውስጥ ገብተዋል። ጎረቤቱ 94 መባሉን የሰማ 87 የሚወረውር ልጅ በየውርወራው ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። ጎረቤቱ ግን በእውነቱ 88 ነው። በሌለ ቁጥር ምክንያት እውነተኛ ክንድ ይበጠሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ፒች ስማርት የሚባል የሊጉና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር መመሪያ አለ። ለ15 እና 16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ፣ ለ17 እና 18 ከ105 አይለፍ ይላል። በዓመት ውስጥም ክንዱ የሚያርፍባቸው ወራት እንዲኖሩ ይመክራል። ክረምት ከበጋ ከሾውኬዝ ሾውኬዝ የሚዞር ልጅ ይህን እረፍት አያገኝም። አሰልጣኙን ስለ ማይል ከመጠየቃችሁ በፊት በዚህ ሳምንት ስንት ኳስ እንደወረወረ ጠይቁት።

ቁጥር ሲነገራችሁም ጥያቄው ብዙ አይደለም። ማን ለካው? በስቶፕዎች ነው በኤሌክትሮኒክ? ጉብታ ላይ ነው ተንደርድሮ? ስንት ወርውሮ ነው ይህቺ የወጣችው፣ የሌሎቹስ አማካይ ስንት ነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ለኮሌጅ አሰልጣኝ የምትልኩትም ከዚሁ አይለይ። አማካዩንም ከፍተኛውንም ጻፉ፤ ቀኑንና የተለካበትን መሣሪያ ጨምሩ። ቪዲዮው ሳይቆረጥ፣ ከነሳታቸው ኳሶች ጋር ይሂድ። አሰልጣኙ ልጁን ከፈለገው ራሱ መጥቶ በራሱ ራዳር ይለካዋል። 87 ብሎ ጽፎ 87 ያሳየ ልጅ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ ትምህርት ውጤቱ ነው። 94 ብሎ 87 ያሳየው ግን ውርወራው የመጀመሪያው ያህል ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አሰልጣኙ ራዳሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወደ ሌላው ሜዳ ይሄድበታል።